የአገር ውስጥ ትራፊክ አገር ውስጥ እንዲቀር፦ የጋራ የኢንተርኔት መለዋወጫ እንዴት ይቋቋማል?

አንድ ከተማ ውስጥ ያሉ ሁለት መሥሪያ ቤቶችን እናስብ። በመካከላቸው ያለው አንድ መንገድ ብቻ ነው። ኢንተርኔት የገዙት ግን ከተለያዩ አቅራቢዎች ነው። አንዱ ለሌላው ፋይል ሲልክ ፋይሉ መንገዱን አያቋርጥም። ባሕር ተሻግሮ፣ ሌላ አህጉር ላይ ያለ ራውተር (ትራፊክን ወደ መድረሻው የሚመራ መሣሪያ) ነክቶ ይመለሳል። ለመሄጃውም ለመመለሻውም ሁለቱ አቅራቢዎች ለውጭ ኩባንያ ይከፍላሉ፤ ብዙ ጊዜም በውጭ ምንዛሪ። የባሕር ውስጥ ኬብል ከተበጠሰ ደግሞ ጎረቤትና ጎረቤት አይገናኙም።

መፍትሔው ውስብስብ አይደለም። አገልግሎት ሰጪዎቹ ሁሉ ገመዳቸውን አምጥተው አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ስዊች (ብዙ ገመዶችን የሚያገናኝ መሣሪያ) ላይ ይሰካሉ። ከዚያ በኋላ የአገር ውስጡን ትራፊክ እዚያው ይለዋወጣሉ። ይህ ቦታ የኢንተርኔት መለዋወጫ ይባላል፤ ባለሙያዎች በአጭሩ አይኤክስፒ ይሉታል። እንደ ገበያ ቦታ ነው። ቦታውን ያዘጋጃል እንጂ ራሱ አይሸጥም፣ አይገዛም።

ቴክኒኩን አንድ ጎበዝ መሐንዲስ በጥቂት ቀናት ይጨርሰዋል። ወራት የሚፈጀው ተፎካካሪ ድርጅቶችን አንድ ክፍል ውስጥ ማስገባቱ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ስለ ሰዎቹም እንደ ስዊቹ ያወራል። ዕቃ ገዝተው አባል ያጡ መለዋወጫዎች ነገሩን ከተሳሳተ ጫፍ የጀመሩ ናቸው።

1. በቁጥር ጀምሩ

ስብሰባ ከመጥራታችሁ በፊት ችግሩን ለኩት። ከአንዱ ኔትወርክ ወደ ሌላው ትሬስራውት ስሩ፤ ፓኬት (የመረጃ ጥቅል) በየትኞቹ ራውተሮች እንዳለፈና ስንት ሚሊሰከንድ እንደፈጀ በየመስመሩ የሚያሳይ ትእዛዝ ነው። ሁለቱም ጫፍ እዚያው ከተማ ውስጥ ይሁን። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት መስመሮች ላይ 2፣ 3፣ 5 ሚሊሰከንድ ታያላችሁ። ቀጥሎ ያለው መስመር ላይ ቁጥሩ ድንገት ዘሎ 130 ወይም 180 ይሆናል። ፓኬቱ ከአገር የወጣው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ ቁጥሩ አይወርድም፤ የመጨረሻው ማሽን ግን ከእናንተ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሚርቀው።

ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ማስረዳትም ቀላል ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። መዞሪያው ከተማ 6,000 ኪሎ ሜትር ቢርቅ፣ ፓኬቱ ሄዶ ለመመለስ 12,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። መልሱም እንደዚያው ዞሮ ሲመጣ ድምሩ 24,000 ነው። ይህ ብቻውን 120 ሚሊሰከንድ ይበላል። የትኛውም ውድ ራውተር ይህን አያሳጥረውም፤ የሚያሳጥረው መንገዱን መቁረጥ ብቻ ነው።

ውጤቱን በሠንጠረዥ አዘጋጁት። በአንድ በኩል ኔትወርኮቹ፣ በሌላ በኩል ኔትወርኮቹ፣ መሃል ላይ ሚሊሰከንዱ። ይህች አንድ ገጽ ከሃምሳ ገጽ የፕሮጀክት ሰነድ የበለጠ ሰው ታሳምናለች። ኬንያ ውስጥ መለዋወጫው ሥራ ከጀመረ በኋላ በአገር ውስጥ ኔትወርኮች መካከል የነበረው መዘግየት ከ200 እስከ 600 ሚሊሰከንድ ከነበረበት ወደ 2 እስከ 10 ወርዷል። ይህን ማሳያ ይዛችሁ ግቡ።

እዚሁ ላይ አንድ ነገር አረጋግጡ። በአገሩ ውስጥ የራሳቸው ኤኤስ ቁጥር ያላቸው፣ አንዱ በሌላው ሥር ያልሆኑ ቢያንስ ሦስት ኔትወርኮች አሉ? ኤኤስ ቁጥር ማለት አንድ ኔትወርክ በዓለም ኢንተርኔት ላይ ራሱን ችሎ የሚታወቅበት መለያ ነው። ሁለት ብቻ ከሆኑ በመካከላቸው አንድ ገመድ መዘርጋት ይበቃል፤ መለዋወጫ አያስፈልግም። ሦስት ሲደርሱ ስሌቱ ይለወጣል። አሥር ኔትወርኮች ሁለት ሁለት ሆነው ልገናኝ ቢሉ 45 ገመድ ይፈልጋሉ። በመለዋወጫ በኩል ግን አሥር ገመድ ይበቃቸዋል። ደግሞ የኢንተርኔት ሻጮችን ብቻ አትቁጠሩ። የዩኒቨርሲቲዎች የጋራ ኔትወርክ፣ የመንግሥት ዳታ ሴንተር፣ ትልልቅ ባንኮችና የክፍያ ሥርዓቶች ኤኤስ ቁጥር ካላቸው አባል መሆን ይችላሉ።

2. መሐንዲሶቹን አስቀድሙ

ብዙዎች መጀመሪያ የሚጠሩት ሥራ አስኪያጆችን ነው። እኔ ተቃራኒውን እመክራለሁ። በየድርጅቱ ራውተሩን የሚያዋቅሩትን ሰዎች ጥሩ። እነሱ እርስ በርሳቸው ይተዋወቃሉ፤ ችግሩንም በየቀኑ ያዩታል። ሲስማሙ እያንዳንዳቸው ወደ አለቃቸው ሄደው በራሳቸው ድርጅት ቋንቋ ያስረዱላችኋል። የኢሜይል ወይም የቴሌግራም ግሩፕ ክፈቱላቸው። ይህ ግሩፕ በኋላ ሌሊት ላይ ችግር ሲፈጠር የሚያድናችሁ ነው።

ከሥራ አስኪያጆች የሚመጡት ጥያቄዎች ይታወቃሉ። ትንሹ ኩባንያ «ትልቁ ይውጠኛል» ይላል። ትልቁ ደግሞ «ትንሹ እስከዛሬ እየከፈለኝ ያገኘውን አሁን በነጻ ሊወስድ ነው» ብሎ ይሰጋል። የትልቁን ስጋት ጆሮ ዳባ ልበስ አትበሉት፤ እውነትነት አለውና። እውነተኛ መልስም ስጡት። በመለዋወጫው ላይ የሚያልፈው የእያንዳንዱ አባል የራሱና የደንበኞቹ ትራፊክ ብቻ ነው። ወደ ዓለም የሚወስደውን ትራንዚት ትልቁ አሁንም ይሸጣል። ደንበኞቹ የአገር ውስጥ ድረ ገጾች ፈጥነው ሲከፈቱላቸው የበለጠ ይጠቀማሉ፤ የበለጠም ይገዛሉ። በውጭ ምንዛሪ የሚከፍለውም ይቀንሳል።

አንድ ነገር ግን አደራ፤ ማንንም አታስገድዱ። ከማን ጋር ትራፊክ እንደሚለዋወጥ የሚወስነው አባሉ ራሱ ነው። በግዳጅ የገባ ኩባንያ ገመዱን ይሰካና አቅሙን አያሳድገውም፤ መስመሩም ይታነቃል። ትልቁ በመጀመሪያው ቀን ባይመጣም ሥራውን ጀምሩ። ሦስትና አራቱ ሲገናኙና ደንበኞች ልዩነቱን ሲያዩ፣ ውጭ ሆኖ መቅረቱ እሱን ራሱን ያስቸግረዋል።

3. የቴሌኮም ተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት ሳይቀድማችሁ አነጋግሩት

ኬንያ ላይ የሆነውን ማወቅ ይጠቅማል። የኬንያ መለዋወጫ በ2000 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሥራ ሲጀምር የዓለም አቀፍ መስመር ብቸኛ ባለመብት የነበረው ቴሌኮም አቤቱታ አቀረበ። ተቆጣጣሪው አካልም በሁለት ሳምንት ውስጥ አዘጋው። አቅራቢዎቹ ወደ አንድ ዓመት ገደማ ተከራከሩ። ነጥባቸው አንድ ነበር፦ መለዋወጫው የውጭ ትራፊክ አያስተላልፍም፤ የአገር ውስጡን አገር ውስጥ ያስቀራል። በመጨረሻ ፈቃድ አገኙና በየካቲት 2002 እ.ኤ.አ. እንደገና ከፈቱ። ዛሬ ኬንያ በአፍሪካ ቀድመው ከሚጠቀሱት ውስጥ ናት።

ስለዚህ አጭር ደብዳቤ ጻፉ። ሦስት ነገር ይግለጽ። መለዋወጫው ለሕዝብ ኢንተርኔት አይሸጥም። ወደ ውጭ የሚወጣ መስመር የለውም። አባላቱ ራሳቸው ፈቃድ ያላቸው ወይም ፈቃድ የማያስፈልጋቸው ኔትወርኮች ናቸው። ፈቃድ የግድ ነው ከተባለ ቀለል ያለ ምዝገባ እንዲሆን ጠይቁ። እንደ ቴሌኮም ኦፕሬተር የሚያስከፍል ፈቃድ ጀማሪ መለዋወጫን ከመወለዱ በፊት ያስቀረዋል።

መንግሥት ሊረዳ የሚችልባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። የራሱን ኔትወርክ አምጥቶ ማገናኘት፣ ዕቃው ከቀረጥ ነጻ እንዲገባ መፍቀድ፣ ክፍል መስጠት ሁሉ ትልቅ ድጋፍ ነው። የማይሆነው መለዋወጫውን የመጥለፊያ ወይም የማጣሪያ ቦታ ለማድረግ መሞከር ነው። ያን ቀን አባላት ገመዳቸውን ነቅለው የድሮውን መንገድ ይይዛሉ።

4. የማን ነው?

መልሱ «የሁሉም፣ የማንም» መሆን አለበት። በተግባር የተለያዩ ቅርጾች አሉ። የለንደኑ ሊንክስ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአባላቱ ማኅበር ነው። የአምስተርዳሙም መነሻው ማኅበር ነው። የጆሃንስበርጉ ጂንክስ በ1996 እ.ኤ.አ. በኢንተርኔት አቅራቢዎች ማኅበር ተቋቋመ። እዚያው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ናፕአፍሪካ የሚባለውን የመሠረተው ግን ገለልተኛ የሆነ የዳታ ሴንተር ኩባንያ ነው። አንዳንድ አገር ላይ ዩኒቨርሲቲ ያስተናግደዋል።

ለጀማሪ የምመርጠው ለትርፍ ያልቆመ የአባላት ማኅበር ነው። አንድ አባል አንድ ድምፅ፤ ትልቁም ትንሹም እኩል። ቦርዱ ከአምስት ሰው አይብለጥ። ሁለት የቦርድ አባላት ከአንድ ኩባንያ አይምጡ።

መተዳደሪያ ደንቡን አጭር አድርጉት። ሦስት አራት ገጽ ይበቃል። ማን አባል ይሆናል? ኤኤስ ቁጥር ያለውና ቢጂፒ (ኔትወርኮች መንገዳቸውን እርስ በርስ የሚያሳውቁበት ሥርዓት) የሚያዋቅር ማንኛውም ድርጅት። ስንት ይከፍላል? ሳይከፍል ቢቀር መቼ ይነቀላል? ሌላውን የሚጎዳ ነገር ቢያደርግ ፖርቱን (ስዊቹ ላይ ገመዱ የሚሰካበትን ቦታ) ማን ይዘጋል፤ ሳያስጠነቅቅ ይችላል? ይህን የመጨረሻውን በግልጽ ጻፉት። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ያለው ተረኛ ቦርድ ሳይሰበስብ እንዲዘጋ ሥልጣን ይኑረው። ሌላው መጻፍ ያለበት ደግሞ መለዋወጫው የአባላቱን ንግድ አይሻማም የሚለው ነው። ኢንተርኔት አይሸጥም፣ ለዋና ተጠቃሚ መስመር አይዘረጋም።

5. ቦታው

ከስዊቹ ይልቅ የክፍሉ ምርጫ ይበልጣል። ስዊች ይቀየራል። አሥርና ሃያ ኩባንያ ፋይበር ቆፍሮ ካስገባበት ክፍል መውጣት ግን ጣጣው ብዙ ነው።

ዋናው ጥያቄ ማንኛውም ኩባንያ የራሱን ወይም የመረጠውን ፋይበር ያለ ክልከላ ማስገባት ይችላል ወይ የሚለው ነው። ሕንጻው የአንዱ ተፎካካሪ ከሆነና ሌሎቹ ለእያንዳንዱ ገመድ ከእሱ ፈቃድ የሚለምኑ ከሆነ፣ መለዋወጫው በስም ነው የጋራ። ባለቤቱ «እሺ» ቢልም በቃል አትመኑ፤ ውል ላይ ይስፈር። ከአባሉ ሬክ (የዕቃ መደርደሪያ) እስከ መለዋወጫው ሬክ ለምትዘረጋው አጭር ገመድ የሚጠየቀው ወርኃዊ ክፍያም ከወዲሁ ይወሰን። የቀረው ሁሉ በነጻ ሆኖ ይህች ክፍያ ብቻ ሰው ልታባርር ትችላለች።

የቀረው የታወቀ ነው። መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ዩፒኤስና ጄኔሬተር፣ ማቀዝቀዣ፣ 24 ሰዓት መግባት የሚቻልበት በር፣ የመግቢያ መዝገብ። ፋይበሩ ወደ ሕንጻው በሁለት የተለያዩ አቅጣጫዎች ቢገባ ይመረጣል። አንድ ቁፋሮ ሁሉንም አባላት በአንድ ጊዜ እንዳይቆርጣቸው።

6. ዕቃው

እዚህ ላይ ገንዘብ አታባክኑ። ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት 24 ወይም 48 ፖርት ያለው፣ 1 እና 10 ጊጋቢት የሚይዝ፣ ጥቂት 100 ጊጋቢት ፖርቶች ያሉት አንድ የኢተርኔት ስዊች ይበቃል። አንድ ተመሳሳይ መጠባበቂያ ስዊች ሬኩ ላይ ይቀመጥ። ሁለት መካከለኛ ሰርቨሮች፣ አንድ ትንሽ የማስተዳደሪያ ራውተር፣ ፓች ፓነል፣ ትርፍ የኦፕቲክ ሞጁሎች። ከስዊቹ ውጭ በሌላ መስመር፣ ለምሳሌ በሞባይል ኢንተርኔት፣ ዕቃውን የምትደርሱበት መንገድም ይኑር። ስዊቹ የተበላሸ ቀን በራሱ በስዊቹ በኩል ልትገቡ አትችሉም። ፓኬት ክሊሪንግ ሃውስና ኢንተርኔት ሶሳይቲ የሚባሉት ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶች ለጀማሪ መለዋወጫዎች ዕቃና ሥልጠና ሲሰጡ ስለኖሩ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቋቸው።

7. ቁጥርና አድራሻ

በዓለም ላይ የኢንተርኔት አድራሻና ኤኤስ ቁጥር የሚሰጡ አምስት የክልል መዝጋቢዎች አሉ፦ አፍሪኒክ፣ ራይፕ ኤንሲሲ፣ ኤፒኒክ፣ አሪን እና ላክኒክ። ለመለዋወጫ የሚሆን አድራሻ የሚሰጡበት የተለየ ደንብ አላቸው። በክልላችሁ ካለው ላይ አንድ ስላሽ 24 የአይፒቪ4 ብሎክ፣ አንድ ስላሽ 48 የአይፒቪ6 ብሎክ፣ እና ኤኤስ ቁጥር ጠይቁ። ስላሽ 24 ማለት ለ254 ራውተር የሚበቃ አድራሻ ነው። በ10 ወይም በ192.168 የሚጀምሩትን የውስጥ አድራሻዎች አትጠቀሙ። ከአባላቱ የውስጥ ኔትወርክ ጋር ይጋጫሉ።

የመለዋወጫው ስዊች ላይ ያለውን ብሎክ ማንም ለዓለም ኢንተርኔት አያሳውቅ፤ እናንተም ጭምር። ካሳወቃችሁት ከሩቅ ያለ ሰው በቀጥታ የአባላቱን ራውተር ማጥቃት ይችላል።

8. ስዊቹን መቆለፍ

ሁሉም አባል አንድ ስዊች ላይ ስለተቀመጠ የአንዱ ስህተት የሁሉም ነው። አንድ ቴክኒሻን ፖርቱ ላይ ትንሽ ስዊች ሰክቶ ሁለት ገመድ ወደ አንድ ቦታ ቢመልስ ሉፕ፣ ማለትም ትራፊኩ ሳያቋርጥ የሚዞርበት ቀለበት፣ ይፈጠራል። በሰከንዶች ውስጥ መለዋወጫው በሙሉ ይጥለቀለቃል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ ፖርት ላይ ገና ከመጀመሪያው እነዚህን አድርጉ፦

በአንድ ፖርት የሚፈቀደው አንድ የማክ አድራሻ (የኔትወርክ ዕቃ መለያ ቁጥር) ብቻ ይሁን፤ ሁለተኛ ከመጣ ይታገድ። ከአይፒቪ4፣ ከኤአርፒ (የአይፒ አድራሻን ከማክ አድራሻ ጋር ከሚያገናኘው) እና ከአይፒቪ6 ውጭ ያለ ፍሬም ሁሉ ይጣል። ስፓኒንግ ትሪ፣ ዲኤችሲፒ፣ የአይፒቪ6 ራውተር ማስታወቂያ እና ስዊቾች ራሳቸውን የሚያስተዋውቁባቸው መልእክቶች ከአባል ወደ አባል አይለፉ። የብሮድካስት መጠን ገደብ ይደረግለት። አባላቱም በበኩላቸው ፕሮክሲ ኤአርፒን ራውተራቸው ላይ ያጥፉ። ይህን ያላጠፋ አንድ ራውተር ለሌሎች አድራሻዎች «እኔ ነኝ» እያለ የሰውን ትራፊክ ወደራሱ ይስባል። ምልክቱ ግራ ያጋባል፤ ምክንያቱ እስኪገኝ ሰዓታት ይሄዳሉ።

አዲስ አባል በቀጥታ ከሌሎች ጋር አይቀላቀል። የሙከራ ቪላን (እዚያው ስዊች ላይ ከሌሎቹ የተለየ ኔትወርክ) ክፈቱለት። እዚያ ላይ ከፖርቱ የሚወጣውን ሁሉ ቀድታችሁ እዩ። ንጹሕ ሲሆን ብቻ ወደ ዋናው ይዛወር።

9. ራውት ሰርቨር

አሥረኛው አባል ሲመጣ ከዘጠኙ ጋር አንድ በአንድ ቢጂፒ ማዋቀር ይሰለቻል። ራውት ሰርቨር ይህን ያቃልላል። አባሉ ከራውት ሰርቨሩ ጋር ብቻ ይገናኛል፤ የሁሉንም መንገድ ከእሱ ይቀበላል። ትራፊኩ ራሱ በሰርቨሩ ውስጥ አያልፍም፤ በስዊቹ ላይ በቀጥታ ከአባል ወደ አባል ይሄዳል። ሰርቨሩ መረጃውን ብቻ ነው የሚያካፍለው።

ሁለት ሰርቨር አድርጉ፤ አንዱ ለጥገና ሲወርድ ሌላው እንዲይዝ። በርድ የሚባለው ነጻ ሶፍትዌር በብዙ መለዋወጫዎች ላይ የሚሠራ ነው። አየርላንድ ያለው አይኔክስ የሠራው አይኤክስፒ ማኔጀር ደግሞ የአባላትን መዝገብ፣ ግራፉን እና የራውት ሰርቨሩን ውቅር በአንድ ላይ ያስተዳድራል። እሱም በነጻ ይገኛል።

ማጣሪያ የሌለው ራውት ሰርቨር ግን ባይኖር ይሻላል። አንድ አባል በስህተት የሌላውን አድራሻ «የኔ ነው» ብሎ ቢያሳውቅ ስህተቱ ለሁሉም ይዳረሳል። ስለዚህ እያንዳንዱ መንገድ በአርፒኬአይ (አድራሻው የማን እንደሆነ በዲጂታል ፊርማ የሚያረጋግጥ ሥርዓት) እና በመንገድ መዝገብ ይረጋገጥ። የእያንዳንዱ አባል የመንገድ ብዛት ጣሪያ ይኑረው። ዲፎልት ራውት፣ ማለትም «የቀረውን ሁሉ ወደ እኔ ላኩ» የሚል መንገድ፣ በፍጹም አይቀበል። አባሉ «ለእገሌ አታሳውቅልኝ» ማለት የሚችልበት የቢጂፒ ኮሚዩኒቲም (ከመንገዱ ጋር የሚላክ ምልክት) ይዘጋጅ። ትልቁ ኩባንያ ለመግባት ሲያመነታ ይህ ምርጫ መኖሩ ብዙ ጊዜ ያግባባል።

10. አባሉ ተገናኘ፤ ትራፊኩ ግን የት አለ?

ገመዱ ተሰክቷል፣ የኦፕቲኩ ብርሃን ጥሩ ነው፣ ቢጂፒው ተነሥቷል። ግራፉ ላይ ግን ትራፊክ የለም፤ ወይም በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ይህ በጣም የተለመደ ነው። ሦስት ምክንያቶችን በቅደም ተከተል ፈትሹ።

የመጀመሪያው የምርጫ ቅደም ተከተል ነው። አባሉ ራውተሩ ላይ ከመለዋወጫው ለሚመጡ መንገዶች የሚሰጠው ሎካል ፕሪፈረንስ (የምርጫ ደረጃ ቁጥር) ለትራንዚት ከሚሰጠው መብለጥ አለበት። እኩል ከሆነ ራውተሩ በሌላ መስፈርት ይመርጣል፤ ትራንዚቱን ሊመርጥም ይችላል።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የሚያልፈው ነው። አባሉ በመለዋወጫው ላይ አድራሻውን በአንድ ትልቅ ብሎክ፣ እንበል በስላሽ 20፣ ያሳውቃል። ለውጭው ትራንዚት ደግሞ ያንኑ ቆራርጦ በ16 ስላሽ 24 ያሳውቃል። ራውተር ሁልጊዜ ጠበብ ያለውን ብሎክ ነው የሚከተለው። ሎካል ፕሪፈረንስ እዚህ ላይ አያድንም፤ ምክንያቱም የሚያወዳድረው ተመሳሳይ ብሎኮችን ብቻ ነው። ስለዚህ ጎረቤቱ ሁለቱንም ይዞ ጠባቡን ይከተላል፤ ትራፊኩም ባሕር ይሻገራል። ሁሉም ነገር ትክክል መስሎ እየታየ ነው ይህ የሚሆነው። መድኃኒቱ ለውጭ የሚያሳውቀውን ሁሉ በመለዋወጫውም ላይ እንዲያሳውቅ ማድረግ ነው። ለአዲስ አባል በምትሰጡት መመሪያ ላይ ይህን በደማቅ ጻፉት።

ሦስተኛው ዲኤንኤስ፣ ማለትም የድረ ገጽን ስም ወደ አድራሻ የሚተረጉመው ሥርዓት፣ ነው። የአባሉ ደንበኞች ሌላ አገር ያለ የዲኤንኤስ ሰርቨር የሚጠይቁ ከሆነ፣ ትልልቅ የይዘት ኩባንያዎች ደንበኛው እዚያ ያለ ሊመስላቸው ይችላል። ከዚያው ከሩቅ ይልኩለታል። አቅራቢው ጥሩ የሚሠራ የራሱ ዲኤንኤስ ሰርቨር ለደንበኞቹ ያዘጋጅ።

11. ሰው የሚፈልገውን አምጡ

በመጀመሪያው ወር የአገር ውስጥ ትራፊክ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ተስፋ አትቁረጡ። ሰው በብዛት የሚያየው ቪዲዮና ማኅበራዊ ሚዲያ ነው፤ ያም መጀመሪያ ላይ ውጭ ነው ያለው። ስለዚህ መለዋወጫው ማደግ የሚጀምረው ይዘት ወደ እሱ ሲመጣ ነው።

ከዲኤንኤስ ጀምሩ። ርካሽ ነው፤ ጥቅሙም ትልቅ ነው። የኢንተርኔቱ ሥር የሆኑት ሩት ሰርቨሮች በስም 13 ናቸው፤ ከኤ እስከ ኤም። ቅጂዎቻቸው ግን በዓለም ላይ ከ1,500 በላይ ናቸው። ከአስተዳዳሪዎቹ አንዳንዶቹ ቅጂ በመለዋወጫ ላይ ለማስቀመጥ ፈቃደኛ ናቸው። የአገሩን የዶሜይን ስም የሚያስተዳድረውም ሰርቨር እዚሁ ይገናኝ። ይህ የሌለበት አገር የባሕር ኬብል ሲበጠስ ምን እንደሚገጥመው አስቡት። የባንኩ ድረ ገጽ ያለው እዚያው ከተማ ነው፤ መንገዱም ክፍት ነው። ስሙን ወደ አድራሻ የሚተረጉመው ሰርቨር ግን ከባሕር ማዶ ስለሆነ ገጹ አይከፈትም። በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. በአይቮሪ ኮስት ዳርቻ አራት ኬብሎች በአንድ ጊዜ ሲጎዱ በርካታ የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ኢንተርኔታቸው ተቋርጦ ወይም ተዳክሞ ነበር። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ የአገር ውስጡ ሥራ እንዲቀጥል ከወዲሁ ማዘጋጀት ይገባል።

ቀጥሎ የይዘት ማከማቻዎች፣ ማለትም ካሾች ናቸው። ጉግል፣ ሜታ፣ ኔትፍሊክስ፣ አካማይ፣ ክላውድፍሌር ሁሉም ይዘታቸውን ወደ ተጠቃሚው የማቅረብ ፕሮግራም አላቸው። የየራሳቸው የትራፊክ መስፈርት ስላለ አንድ ትንሽ አቅራቢ ብቻውን ላያሟላ ይችላል። በመለዋወጫው በኩል ተደምረው ግን ሊያሟሉ ይችላሉ። አንድ ጥያቄ ግን ቀድማችሁ ተነጋገሩበት። ካሹ ራሱን የሚሞላው ከውጭ ነው። ለዚያ የሚሆነውን ትራንዚት ማን ይከፍላል? አንዱ አባል በፈቃዱ ችሎ ሌላው በነጻ የሚጠቀም ከሆነ ከጊዜ በኋላ ቅሬታ መነሣቱ አይቀርም። በአጠቃቀም መጠን መካፈል ፍትሐዊ ነው።

የኬንያ ቁጥር ይህን ያሳያል። በ2012 እ.ኤ.አ. ከኢንተርኔት ትራፊኩ 30 በመቶ ያህሉ ነበር አገር ውስጥ የሚገኘው። በ2020 ግን 70 በመቶ ደርሷል። ለዚህ ካሾቹና ዳታ ሴንተሮቹ ትልቅ ድርሻ አላቸው።

12. ክፍያ

በፖርት መጠን የተወሰነ ወርኃዊ ወይም ዓመታዊ ክፍያ አድርጉ። ለ1 ጊጋቢት ይህን ያህል፣ ለ10 ጊጋቢት ይህን ያህል፤ አለቀ። በሚያልፈው ትራፊክ ልክ በጊጋባይት ማስከፈል መለዋወጫን ይገድላል። አባሉ ሊያሳድገው የሚገባውን ነገር እንዲቆጥብ ያደርገዋልና።

የመጀመሪያው ዓመት በነጻ ይሁን የሚሉ አሉ። ዕርዳታ ካላችሁ ያዋጣ ይሆናል። እኔ ግን ትንሽም ብትሆን ከመጀመሪያው ቀን ክፍያ ቢኖር ይሻላል ባይ ነኝ። በነጻ የለመደ አባል በሁለተኛው ዓመት ሒሳብ ሲመጣለት ይደነግጣል። ትንሽ የሚከፍል ደግሞ ስብሰባ ላይ ይመጣል፤ ይጠይቃል፤ የራሱ አድርጎ ያየዋል። ክፍያው የክፍሉን ኪራይ፣ መብራቱን፣ የመዝጋቢውን ዓመታዊ ክፍያ፣ የአንድ ወይም የሁለት ሠራተኛ ደመወዝ እና የሚቀጥለውን ስዊች መሸፈን አለበት። ስዊቹን አትርሱት። ከአምስት ስድስት ዓመት በኋላ መቀየሩ አይቀርም።

13. ከተከፈተ በኋላ

ፒሪንግዲቢ በሚባለው የኔትወርኮችና የመለዋወጫዎች የጋራ መዝገብ ላይ ተመዝገቡ። ወደ አገሩ መምጣት የሚያስብ የውጭ ኔትወርክ መጀመሪያ የሚያየው እዚያ ነው። አጠቃላይ የትራፊክ ግራፉን ለሁሉም ክፍት አድርጉት። የእያንዳንዱን አባል ግራፍ ግን ለራሱ ብቻ አሳዩ።

ፖርት ሲጨናነቅ ምን እንደሚሆን በደንብ ይጻፍ። የአንድ አባል ፖርት በተጨናነቀ ሰዓት 80 በመቶውን በተደጋጋሚ ከያዘ ከፍ እንዲያደርግ ይጠየቅ፤ የጊዜ ገደብም ይሰጠው። የታነቀ ፖርት የሚጎዳው ባለቤቱን ብቻ አይደለም፤ ወደ እሱ የሚልኩትን ሁሉ ነው። እነሱም «መለዋወጫው አይሠራም» ብለው ወደ ትራንዚት ይመለሳሉ።

ጥገና የሚደረግበት ቀንና ሰዓት ቀድሞ ይታወቅ። የእያንዳንዱ አባል የሚሠራ የ24 ሰዓት ስልክ በእጃችሁ ይኑር፤ በየስድስት ወሩ ደውላችሁ አረጋግጡ። ሰው ሥራ ይለቃል፤ ቁጥሩም አብሮት ይሄዳል።

ሌላ ከተማ ላይ ሁለተኛ መለዋወጫ የሚያስፈልግበት ጊዜ ይመጣል። እዚያ ያሉ ሦስት ኔትወርኮች እርስ በርስ ለመገናኘት ወደ ዋና ከተማው መስመር እየተከራዩ ከሆነ ጊዜው ደርሷል። ሁለቱን ከተሞች ግን በራሳችሁ መስመር አታገናኙ። ያ የአባላቱ ንግድ ነው። አዲሱን ራሱን የቻለ አድርጋችሁ ክፈቱት፤ የራሱ ስዊች፣ የራሱ የአድራሻ ብሎክ፣ የራሱ ሁለት ራውት ሰርቨር ይኑረው። ደንቡንና ክፍያውን ግን ከመጀመሪያው ጋር አንድ አድርጉት። ሁለቱም ቦታ የሚገኝ አባል አንድ ውል ብቻ ፈርሞ በሁለቱም እንዲሰካ።